የስፒና ቺና ሁለት ቤቶች

ባለፈው ወር ልጄ ሜሮን ከሳን ሆዜ ስትመልሰኝ ትራፊኩ አላላውስ አለንና ፍሪሞንት ላይ ከሀይዌይ ወጣን። "እማ፣ እስኪቀል ድረስ ዌይት እናድርግ" ብላ አንድ የአፍጋኖች ዳቦ ቤት በር ላይ ፓርክ አደረገች። ገና በሩን ስገፋው የትኩስ ዳቦና የሄል ሽታ ፊቴን መታኝ። ስንት ዘመን ያላሰብኩት ግቢ፣ ስንት ዘመን ያላሰብኩት ደረጃ በአንድ ጊዜ ዐይኔ ላይ መጣ። ዳቦው አሁንም ክንድ ሙሉ ይረዝማል፤ አሁንም በወረቀት ሲጠቀለል ጫፉ ውጭ ይቀራል። ተራ ይዤ እንደቆምኩ ከፊቴ ያለች የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ ፊቷን መለሰች፤ እንደገና ዞረች። "ኻላ አስካለ?" አለችኝ። ኻላ በእነሱ አክስት ማለት ነው። በዚህ አገር እንደዚያ ብለው የሚጠሩኝ የአንድ ሕንፃ ሰዎች ብቻ ናቸው። የሀጂ ያቁብ ልጅ ስፖዥማይ ነበረች፤ ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባት፣ ዐይኗ ግን ያው የልጅነቷ ዐይን።

እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ያየን ነበር። አባቷ ከሞቱ ዓመታት እንዳለፋቸው፣ እሷም ካስትሮ ቫሊ ቤት ገዝታ እንደምትኖር ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ሳትለቅ እንዲህ አለች፦ "እሑድ የሁለቱ ቤት ሰዎች በሙሉ እኛ ጋ ይሰበሰባሉ። ልጆቹ ስለ ከተማችን ምንም አያውቁም፤ የአመሠራረቷን ታሪክ ልንነግራቸው ነው። አደይ ጉል ስትናገር ከሰሙት ውስጥ የቀራችሁት መምህር ዘልማይና እርስዎ ብቻ ናችሁ። ይምጡና ይመስክሩልን።" እመጣለሁ አልኳት። መኪና ውስጥ ገብቼ ትኩሱን ዳቦ ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ ግን ቃል መግባቴን ጠላሁት። ስለዚያ ታሪክ እኔ የማውቀው፣ እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር።

ያን ጊዜ፣ ስፖዥማይ ልጅ ሳለች፣ የምንኖረው ሪችመንድና ኤል ሴሪቶ በሚገናኙበት፣ ከሳን ፓብሎ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ነው። ቀለሙ የበሰለ ዱባ ይመስል ነበር። መሐሉ ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ፣ ከግቢው መሐል የማይጠብቅ የውሃ ቧንቧ፣ ከዳር እስከ ዳር የልብስ ማስጫ ገመድ። ማዕዘኑ ላይ የካምቦዲያው ሰውዬ ዶናት ቤት ነበር፤ በሁለት ኳርተር ዶናቱም ቡናውም ይገኛል፤ ሰውዬው ከደስታው የተነሣ አንዳንዴ ሌላ ዶናት ይጨምርልሃል። ከጎኑ ሳንቲም እየጎረሰ የሚንገጫገጭ ላውንደሪ። ዛሬ የዶሮ እግር በማይገዛ ብር ያን ጊዜ ሙሉ ዶሮ ይዘን እንገባ ነበር። እኔ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት ለብሼ ሆቴል ጽዳት እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ ተፈራ አፍሮውን አበጥሮ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ከኮቱ ውጭ አውጥቶ ታክሲውን ያሞቃል። ጠዋት ጠዋት ከእሱ መኪና የትዝታ ካሴት፣ ከሀጂ ያቁብ ቫን ደግሞ ረባብ የሚሉት የእነሱ ክራር ይሰማል። ሁለቱም አገራቸው የማይገቡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሙዚቃዎች አንድ ዓይነት ሐዘን ነበራቸው፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በሕንፃው ውስጥ ከእኛና ከአንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ በቀር ሁሉም ፓሽቱን የሚባሉ አፍጋኖች ነበሩ፤ ያውም የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች። ጦርነቱ ሲበትናቸው አንዱ ቀድሞ መጣ፣ ወንድሙን ስፖንሰር አደረገ፣ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ጠራ፤ በመጨረሻ ከተማዋ ከነጸቧ ሳን ፓብሎ ጎዳና አጠገብ ተተከለች። ስሟ ስፒና ቺና ነው። ቺና በቋንቋቸው ምንጭ ማለት ነው፤ ስፒና ነጭ። ከጎረቤቴ ከአደይ ጉል ጋር እንግሊዝኛ ለመማር የጎልማሶች ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ አስተማሪዋ ከየት እንደመጡ ብትጠይቃቸው "ስፒና ቺና" አሉ። አስተማሪዋ "ኦ! ቻይና!" ብላ ካርታው ላይ ቤጂንግ ጫፍ የወረቀት ኮከብ ለጠፈችላቸው። አደይ ጉል እስከ ኮርሱ መጨረሻ ኮከባቸውን ሳያነሡ ተዉት፤ ጥሩ ቦታ ይመስላል አሉ።

ስማቸውን መጀመሪያ ስሰማ አደይ አበባ መስሎኝ ስቄ ነበር። ለካ የሳቅኩት በከንቱ አልነበረም፤ አደይ በፓሽቶ እናት ማለት ነው፣ እንደ ትግርኛው ሁሉ፤ ጉል ደግሞ አበባ። አጭር፣ ወፍራም፣ ግንባራቸው ላይ ሦስት አረንጓዴ ንቅሳት ያለባቸው ሴት ነበሩ፤ ቀሚሳቸው ደረት ላይ ያረጁ የብር ሳንቲሞች ተሰፍተውበታል፣ ሲራመዱ ይንሿሿሉ። እኔና እሳቸው የምንነጋገረው በዚያች ትምህርት ቤት በተማርናት ስባሪ እንግሊዝኛ ነው። ሁለታችንም እኩል ስለምናበላሽ በደንብ እንግባባ ነበር።

ስፒና ቺናን ሁለት ቤቶች ናቸው የመሠረቷት። ባራም ኸይልና ናዚር ኸይል ይባላሉ። ኸይል ሲሉ እኔ ኃይል መስሎኝ ነበር፤ ዘር፣ ወገን ማለት ነው። የባራም ልጆች ሲናገሩ፣ አያታችን ባራም በድርቅ ዘመን የጠፋ ግመሉን ፍለጋ ተራራ ሲወጣ ነጩን ምንጭ አገኘ፤ ናዚር ከኋላ መጥቶ ውሃ ለመነው ይላሉ። የናዚር ልጆች ደግሞ የለም፣ ናዚር ነው ባለ አራት ማማውን የጭቃ ግንብ የሠራ፣ ሮማኑን የተከለ፤ ባራም የመጣው ግንቡ ካለቀ በኋላ ነው ይላሉ። ማን ቀደመ የሚለው ነገር በመስጊድ ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ሻይ ለማን ቀድሞ እንደሚቀዳ ይወስናል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይሄ ምን ያጣላል ብዬ እገረም ነበር። ተፈራ ግን "እኛስ ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑን የማን አያት ተከለው ተብሎ ስንት ዓመት ተኮራርፈን የለም ወይ?" ይለኝና ዝም ያሰኘኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣልተው አያውቁም ነበር። በስፒና ቺና ሰው ሲሞት በገመድ አልጋ ላይ ሆኖ ነው ወደ መቃብር የሚሄደው። አልጋው አራት እግር አለው፤ ሁለቱን እግር ባራም ኸይል፣ ሁለቱን ናዚር ኸይል ይይዛል። ተኮራርፈው እንኳ፣ ደም ተቃብተው እንኳ ይህ አይቀርም ነበር። እዚህ አገር ከመጡም በኋላ በዚሁ ሥርዓት ነበር ሙታናቸውን የሚሸኙት።

ጸቡ የፈነዳው ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ሠርግ አዳራሽ ነው። የአደይ ጉል ታናሽ ወንድም፣ ሁሉም ካካ፣ ማለትም አጎት፣ የሚላቸው ሰማንዳር የናዚር ቤት አባወራ ነበሩ፤ ግራጫ ሰደርያ የማይለያቸው፣ ጠጉራም ቆባቸውን ወደ ጎን ያዘነበሉ ቀልደኛ ሽማግሌ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ያስቃሉ፤ ሜሮንን "ፕሬዚደንት" ነበር የሚሏት። በዚያ ሠርግ ላይ ሰዉ በሳቅ ሲከባቸው ጊዜ ምላሳቸው አመለጣቸውና "ባራም እኮ የናዚር እረኛ ነበር!" አሉ። ሀጂ ያቁብ ሰሃናቸውን አስቀመጡ፣ ቤተሰባቸውን አስነሥተው ወጡ። ሀጂ ያቁብ የማን ልጅ መሰሏችሁ? የአደይ ጉል። አደይ ጉል የናዚር ቤት ልጅ ሆነው ባራም ቤት ነበር ያገቡት። ስለዚህ ወንድማቸው ልጃቸውን ሰደበው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ለሁለት ተከፈለ። የልብስ ገመዱ በመሐል ተቆረጠ። ልጆቹ በግራና በቀኝ ቆመው ይተያያሉ፤ ኳሷ ወደ ማዶ ከሄደች የሚያመጣት ሜክሲኳዊው ሽማግሌ ነው። ካካ ሰማንዳር እንደ ድሮው ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያስቁት ሰው ግን ጎደለ። ይቅርታ ለማለት እንደማይችሉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ እንደጸጸታቸውም ይታይ ነበር። አደይ ጉል ደግሞ ወንድማቸውን በመስኮት እያዩ ልጃቸውን ላለማስቀየም ግቢውን አይሻገሩም። የሚያደርጉት ምን ነበር? የእኔ ማድ ቤት ይመጣሉ። የካካ ሰማንዳር ምራት ሺሪንም ጨው ልበደር ብላ ትመጣለች። ሺሪን የመምህር ዘልማይ ሚስት ናት፤ ባሏ አገሩ ላይ የታሪክ አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ጭምት ሰው ነው። "በላ?" ይሏታል አደይ ጉል ስለ ወንድማቸው። "ሳሉ ተወው? መድኃኒቱን ይውጣል?" ባሮ ሽንኩርት የተጠቀለለበት ቂጣ ጠብሰው ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ይሄዳሉ፤ ሺሪን በፎጣ ሸፍና ትወስዳለች። ካካ ሰማንዳር የማን እጅ እንደጋገረው ሳይጠይቁ ይበሉ እንደነበር ነግራኛለች።

እንዲህ እያለ ክረምት ገባ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከፎቅ የሺሪን ጩኸት ተሰማ፤ ካካ ሰማንዳር ሆስፒታል አርፈዋል። በሬን ከፍቼ ስወጣ አደይ ጉልን አየኋቸው። በካልሲ ብቻ፣ ያለ ጫማ ከቤታቸው ወጥተው ግቢው መሐል ቧንቧው አጠገብ ደርሰው ቆመዋል። ዝናቡ ሻሻቸው ላይ ይወርዳል። ወደ ፊት አልሄዱም፤ ወደ ኋላም አልተመለሱም። ጋቢ አልብሼ ወደ ቤቴ አስገባኋቸው። አላለቀሱም። እጃቸውን ሳሻሽላቸው እንኳ እንደ ድንጋይ ነበሩ።

እስላም ሬሳ አያቆይም፤ የቀብሩ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ተፈራ የዚያን ቀን ሺፍቱን ተወ፤ ኮቱን ለብሶ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አገሩ ላይ ሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ወደ ሀጂ ያቁብ ቤት ሄደ።

"ሀጂ፣ የእናትዎ ወንድም ናቸው እኮ" አላቸው።

"አጎቴ ነው፤ አልካድኩም" አሉት ሀጂ ያቁብ። "ግን ዛሬ ያን አልጋ ባነሣ፣ ነገ እረኛው የጌታውን ሬሳ ተሸከመ ይባላል። ልጆቼ ይህን እየሰሙ ይደጉ?"

ወደ መምህር ዘልማይ ተሻገረ። "አባትህ ናቸው፤ ሀጂን አንተ ጥራቸው" አለው።

"አባቴ ሞቶብኝ እኔ ልለምን?" አለ ዘልማይ፤ እያለቀሰ ነበር። "ካልመጣ እኛው እንሸከማለን። አራቱንም እግር።"

ዛሬ አራቱንም እግር አንድ ቤት ከያዘ፣ ከዚያ ወዲያ ስፒና ቺና የምትባል ከተማ እንደማትኖር ሁለቱም ያውቃሉ። ተፈራ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ጫማው በውሃ ርሶ ነበር። በመጨረሻ "እንግዲያው እኔ ቤት ኑ፤ የእኔ ሳሎን የባራምም የናዚርም አይደለም" አላቸው። መጡ። ላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋዬ ዳርና ዳር ላይ ተቀመጡ፤ መሐላቸው የሜሮን አሻንጉሊት ተጋድማለች። የቀዳሁት ሻይ በረደ። ማንም አልነካውም።

አደይ ጉል ከማድ ቤት ወጥተው ፊታቸው ቆሙ። እኔና ሺሪን በሩ ጥግ ሆነን፣ ሺሪን በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች። አደይ ጉል ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ባራም ቀደመ ትላላችሁ፤ ናዚር ቀደመ ትላላችሁ" አሉ። "ሁለቱም በአንድ ቀን ነው ምንጩ ጋ የደረሱት። ሲደርሱ ግን አንዲት ሴት ቀድማ ተቀምጣለች። ባሏ በረሃብ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ፍየል የቀሩላት። ሁለቱ ወንዶች እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ብለው ጎራዴ ሊማዘዙ ሲሉ፣ ቁጭ በሉ አለቻቸው። በአንድ ጣሳ ቀዳች፤ ጣሳውን በአንድነት ይዛችሁ ካልጠጣችሁ አትጠጡም አለቻቸው። ከዚያ ልጆቿን ለአንዱ አንዷን፣ ለአንዱ አንዷን ዳረች። ስትሞት የተናዘዘችው አንድ ነገር ነው፤ አልጋዬን ሁለት እግሩን ባራም፣ ሁለት እግሩን ናዚር ይያዝልኝ፤ ከእኔ በኋላም እንዲሁ ይሁን አለች። ሁላችሁም የእሷ ልጆች ናችሁ። ዛሬ ያን አልጋ የሚተው፣ የተዋት እሷን ነው።"



"ይህን ታሪክ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም" አሉ ሀጂ ያቁብ።

"ሴቶች የሚነጋገሩትን መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?" አሏቸው እናታቸው።

ሀጂ ያቁብ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ ዘልማይ ሳያዩ "የቱን ልያዝ? ራስጌውን ወይስ ግርጌውን?" ብለው ጠየቁ። ዘልማይ ቀና አለ። "አጎትህ ነው" አላቸው፤ "ራስጌውን ያዝ።" አብረው ወጡ። ተፈራ ነጠላውን እየሰበሰበ ተከተላቸው።

እኛ ሴቶቹ ማድ ቤት ቀረን። ለአደይ ጉል ወንበር አቀረብኩላቸው። በዚያችው እንግሊዝኛችን "ጉድ ስቶሪ፣ አደይ። ሁ ቴል ዩ?" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "ኖ ባዲ" አሉኝ። "አይ ሜክ። ዚስ ሞርኒንግ።" ሺሪን አፏን በእጇ ያዘች። አደይ ጉል መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳንቲሞቻቸው እስኪንሿሹ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍተው ለወንድማቸው አለቀሱ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሲወጡ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩን። እኔም ለተፈራ እንኳ ሳልነግረው ኖርኩ።

ከዚያ በኋላማ ዘመኑ ሄደ። ገመዱ ተቀጠለ። ሕንፃው ተሸጠ፤ አሁን በቦታው የቆመውን አፓርትመንት ኪራይ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ዶናት ቤቱም የስልክ መሸጫ ሆኗል። እኛ ወደ ኦክላንድ፣ እነሱ ወደ ፍሪሞንትና ካስትሮ ቫሊ ተበተንን። አደይ ጉል ሞቱ፣ ተፈራ ሞተ፣ ሺሪንም ተከተለቻቸው። ስፖዥማይ ከጠራችኝ ቀን እስከ እሑድ ድረስ ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ብዬ ብመሰክር በልጆች ፊት መዋሸቴ ነው፤ ውሸት ነው ብል ሁለት ቤት ማፍረሴ ነው። ለሜሮን ብነግራት፣ "እማ፣ ጀስት ቴል ዘም፤ ልጆቹ የሆነውን የማወቅ ራይት አላቸው" አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ በዝናቡ መሐል በካልሲ የቆሙት ሴትዮ ይመጡብኛል።

እሑድ ካስትሮ ቫሊ ስንደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ማን ባራም፣ ማን ናዚር እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ተጋብተው ተዋልደዋል። መምህር ዘልማይን ከኋላ በረንዳ ላይ አገኘሁት፤ ከዘራ ይዞ፣ ዐይኑ ደክሞ፣ ጭምትነቱ ግን ያው ነው። ስለ ሺሪን አጽናናሁት፤ ስለ ተፈራ አጽናናኝ። ከዚያ መታገስ አቃተኝ።

"መምህር" አልኩት፤ "አንተ ታሪክ አስተማሪ ነህ። የዚያችን የምንጭ ዳር ሴትዮ ነገር ታምነዋለህ?"

ፈገግ አለ። "ኻላ፣ ያን ተራራ እኔ አውቀዋለሁ። አንዲት ሴት ከፍየልና ከሁለት ልጆች ጋር እዚያ አንድ ቀን አትውልም፤ ተኩላው ይቀድማታል።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?"

"አባቴ ሳይቀበር ውሎ እንዳያድር ፈርቼ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያቁብን የምጠራበት ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ አክስቴ አመጣችልኝ። አመሰገንኳት እንጂ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?"

"ሀጂ ያቁብስ? አምነው ነው የሞቱት?"

ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ወደ ኮረብታው ተመለከተ። "አፈር እየመለስን ነበር" አለኝ፤ "ሁለታችንም አካፋ ይዘን፣ በጭቃ ተለውሰን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ 'እናትህ ይህን ታሪክ መቼ የነገረችህ ነው?' አልኩት። 'ዛሬ፣ ካንተ ጋር' አለኝ። ተያየን። ኻላ፣ አትታዘቢኝ፣ በአባቴ መቃብር ላይ ቆመን ሁለታችንም ሳቅን። ሰዉ የምናለቅስ መስሎት ሊያጽናናን መጣ።"

እኔም ሳቅሁ፤ ዐይኔንም በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ያን ሁሉ ዘመን እኔና ሺሪን ብቻ የተሸከምነው መስሎኝ ነበር።

ስፖዥማይ ወጥታ ጠራችን። ልጆቹ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። መምህር ዘልማይ ተናገረ፤ ፍየሏን ጥቁር አደረጋት፣ ጣሳውን የመዳብ አደረገው፣ ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተነካክተው ሲጠጡ ያየ ነበር የሚመስለው። ሲጨርስ አንዲት ቁንጮ ያላት ልጅ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "አንቺ ግን በእውነት ከአደይ ጉል ሰምተሻል?" አለችኝ። ቤቱ በሙሉ አየኝ። ሜሮንም ከበሩ ጥግ ሆና አየችኝ። ዘልማይ ብቻ ከዘራውን ይመለከት ነበር።

"አዎ የኔ ቆንጆ" አልኳት። "እኔ ቤት ነው የተናገሩት። ከአፋቸው ነው የሰማሁት።"